ከንግሥቲቱ እግር ሥር የፋቅሁት ስም

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ፊታቸው ቀርቤ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ በጾም ቀን የቀመስኩትን ሁሉ ዘርዝሬ፣ ይህችን አንዷን ግን ወደ ጎን አስቀምጬ ወጥቻለሁ። «እግዚአብሔር ይፍታህ» ሲሉኝ «አሜን» ብያለሁ። ያልተናዘዝኩትን ማን ሊፈታው ነው? ስለዚህ የምታነቡት ሁሉ ዛሬ ነፍስ አባቶቼ ሁኑልኝ። ቀኖናውን ግን አታቅልሉልኝ።

አስቀድሜ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ጥፋቴ አይገባችሁም። እኔ አስናቀ ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። አባቴም ጠራቢ፣ አያቴም ጠራቢ ነበሩ። አዲስ አበባ ውስጥ የትልቅ ሰው መቃብር ሆኖ የእኛ ቤት መሮ ያልነካው ካለ ቤተሰቡ ቸኩሎ ነው እላለሁ። ስኩራራ ሰማችሁኝ? አዎ፣ እኮራለሁ። ዛሬም ኩራቴን ደጅ ትቼ አልገባሁም። ጥፋቴን የወለደችው እሷው ስለሆነች ይዣት መግባት አለብኝ።

ዲቪ ደርሶኝ ኮሎምበስ ከተማ የገባሁት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ስሸከም ከረምኩ። በሁለተኛው ዓመት ፍራንክሊንተን በሚባል ሰፈር ሳልፍ በአውቶቡስ መስኮት የመቃብር ድንጋይ የሚሠራ ሱቅ አየሁና ወርጄ ገባሁ። ባለቤቱ ዌይን የሚባል፣ ጆሮው የከበደ፣ ቅን ሽማግሌ ነበር። እነሱ ጽሑፉን የሚቆርጡት በአየር ግፊት አሸዋ እየረጩ በማሽን ነው። ወዳቂ ድንጋይ ለምኜ፣ መሮና መዶሻ ተቀብዬ፣ እዚያው ፊቱ ጽጌረዳ አበባ ቀረጽኩለት። ዌይን ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ የማውቀው ባርኔጣ የሚወልቀው ለሬሳ ነበር፤ ለእኔ ወለቀልኝ። በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ።

እትዬ ጽጌን ያገኘኋት እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። በዕድሜ ትበልጠኛለች። አዲስ አበባ የሥዕል አስተማሪ ነበረች፤ ኮሎምበስ ውስጥ ግን የአዛውንቶች መጦሪያ ቤት ትሠራለች፣ ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታነሣለች። አንድ ቀን ባሏ የሞተባትን አሮጊት ደግፋ ድንጋይ ልታስመርጥ መጣች። አሮጊቷ ከዌይን ጋር ስትነጋገር እትዬ ጽጌ አጠገቤ ቆማ የምቀርጸውን ቅጠል ታይ ጀመር።

«አበሻ ነህ?» አለችኝ።

«ነኝ።»

«እጅህ ጎበዝ ነው። ቅጠሉ ግን ሞቷል።»

እኔን! የማን ልጅ መሆኔን አታውቅም አልኩ በልቤ። ግን ነገሩ እንደ እሾህ ወጋኝና እርሳሱን ሰጠኋት። «እስቲ አስነሽው» አልኳት። ድንጋዩ ላይ ሁለት መስመር ብቻ አሰመረች። ቅጠሉ ነፋስ እንደነካው ዞር አለ። እውነቱን ልናገር፤ ያን ዕለት ከእኔ የሚበልጥ ዓይን ያለው ሰው እንዳገኘሁ ገባኝ፤ ደስም አለኝ፣ ከፋኝም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ትልቁ ሥራ መጣ። በከተማው ያለ አንድ አነስተኛ ሙዚየም ስለ ጥንታዊት ግብፅ ለተማሪ ልጆች ኤግዚቢሽን ያዘጋጅ ነበር። እውነተኛዎቹን ድንጋዮች መንካት ክልክል ስለሆነ፣ እንደ ጥንቱ በእጅ ተቀርጾ ልጆች እንዳሻቸው የሚዳስሱት አንድ ትልቅ ቅጂ ፈለጉ። ኃላፊዋ ሊንዳ የምትባል ሴት ነበረች፤ ፎቶግራፎቹን ጠረጴዛችን ላይ ዘረጋቻቸው።

ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ሌሎቹን አማልክት ሁሉ ትቶ ፀሐይን ብቻ ያመለከ ንጉሥ ነበር። በፎቶው ላይ ይህ ንጉሥና ንግሥቲቱ ቆመው መሥዋዕት ወደ ላይ ያነሣሉ። ከላይ ክቧ ፀሐይ አለች፤ ጨረሮቿ እንደ ሸማኔ ድር ቀጥ ብለው ይወርዳሉ፤ የእያንዳንዱ ጨረር ጫፍ ትንሽ የሰው እጅ ነው። አንዱ እጅ መሥዋዕቱን ይቀበላል፣ አንዱ የንጉሡን ራስ ይዳብሳል፣ አንዱ የሕይወትን ምልክት ወደ ንግሥቲቱ አፍንጫ ያስጠጋል። ምስሉ ከድንጋዩ ፊት ጎልቶ አይወጣም፤ ወደ ውስጥ ተቆርጦ ነው የሚቀረጸው፣ ፀሐይ በጎን ስትመታው ጥላ እንዲይዝ። ያን የሠራው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ግን ጠራቢ ነበር፣ እንደ እኔ። ፎቶውን ሳይ ዘመዴን ያገኘሁ ያህል ደረቴ ተነፋ።

ሊንዳ አንድ ነገር ጨመረችልን። ንጉሡ ሲሞት ተከታዮቹ በየግድግዳው እየዞሩ ስሙን በመሮ ፋቁት አለች። እኔም በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ «ስም የሚፍቅ ሰው ሥራ ያቃተው ሰው ነው» አልኳት። ዌይን ሳቀ። ይህን በአፌ ተናግሬያለሁ። እናንተም ያዙልኝ።

ንድፉን ብቻዬን ጀመርኩ። የንጉሡ ፊት ረዥም፣ ሆዱ የወረደ፣ ጭኑ እንደ ሴት የሰፋ ነው። የጥንቱ ጠራቢ የተሳሳተ መስሎኝ አቀናሁለት፤ ቀጥ ያለ፣ ደልዳላ ንጉሥ አደረግሁት። ሊንዳ አይታ ራሷን ነቀነቀች፤ ይህ ሌላ ሰው ነው አለች። ሐፍረቴን ይዤ ወደ እትዬ ጽጌ ሄድኩ። የእኔን ወረቀትና ፎቶውን አስተያይታ፣ «አስናቀ፣ ያሳመርከው ንጉሡን አይደለም፤ ራስህን ነው» አለችኝ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ ትመጣ ጀመር፤ ዌይን ቅዳሜ ስለማይገባ እኔና እሷ ብቻ ነበርን።

ከኢንዲያና የመጣው የኖራ ድንጋይ ቁመቱ ከእኔ ደረት ይደርስ ነበር። እሷ ነደፈች፣ እኔ ቆረጥኩ። ንጉሡን ቆረጥኩ፣ ንግሥቲቱን ቆረጥኩ፣ የልብሳቸውን ሽንሽን ፀጉር በማታስገባ መስመር ቆረጥኩ። እነዚያን የሠራኋቸው እኔ ነኝ፤ ማንም አይወስድብኝም፣ በዚህ ኑዛዜ ውስጥም አልሰጣቸውም።

በጨረሮቹ ጫፍ ያሉት አሥራ ስምንት እጆች ግን እምቢ አሉኝ። በሌላ ቁራጭ ላይ ሞከርኩ፤ ሹካ መሰለ። ደገምኩ፤ የዶሮ እግር ሆነ። እትዬ ጽጌ ሦስት ቅዳሜ ስታየኝ ቆይታ፣ «እስቲ ትንሿን መሮ ስጠኝ» አለች።

«ድንጋይ ቆርጠሽ ታውቂያለሽ?»

«ድንጋይ አላውቅም። እጅ ግን አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ እጅ ነው የምይዘው።»

እንዴት መምታት እንዳለባት አሳየኋት፤ በቁራጭ ድንጋይ ላይ አንድ ወር ተለማመደች። ከዚያ አሥራ ስምንቱንም እጆች እሷ ቀረጸች። አሥራ ስምንቱንም! እኔ አንዷን ጣት እንኳ አልነካሁም። መጀመሪያ በእርሳስ በወረቀት ትነድፍና፣ ከእያንዳንዱ ንድፍ ሥር የባለ እጁን ስም በአማርኛ ትጽፍ ነበር። «ይቺ የሚስስ ሩት ናት፤ ፒያኖ አስተማሪ ነበረች። ይቺ የሚስተር ሃል፤ ሊሞት ሲል ጣቴን እንዲህ አድርጎ ያዘኝ።» በመጦሪያ ቤት ጥፍራቸውን የምትቆርጥላቸው፣ ሎሽን የምትቀባቸው ሰዎች እጆች በፀሐይዋ ጨረር ጫፍ ላይ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ሹካ አልነበሩም። ድንጋይም አልነበሩም። አጠገቤ ቆማ ስትቀርጽ እያየሁ አባቴ ባየ ብዬ አስብ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ በእኔ መሮ፣ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ተሠርቷል ብዬ እኮራ ነበር። ኩራት እዚያ ላይ ቢቆም ምን ነበረበት?

እሷ ፕሮቴስታንት ናት። የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ወሬውን ሰምተው ጠሯት። ፀሐይ ለሚያመልክ ንጉሥ ጣዖት ትቀርጫለሽ አሏት። ምን ብላ እንደመለሰች ራሷ ነገረችኝ፦ «እጅ ነው የቀረጽኩት። እጅን ማን እንደፈጠረው ደግሞ አውቃለሁ አልኳቸው።» በሚቀጥለውም ቅዳሜ አንገቷን ቀና አድርጋ መጣች። ይህንንም ያዙልኝ፤ በኋላ የምዋሸው በዚህ ነውና።

ሥራው ሲያልቅ፣ «ስሜን ልጻፍበት?» ብላ ጠየቀችኝ። «ጻፊ እንጂ!» አልኳት፤ ያን ጊዜ ከልቤ ነበር። ከንግሥቲቱ እግር ሥር፣ በቀኝ በኩል፣ «ጽጌ» ብላ ሁለት ፊደል ቀረጸች፤ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ለልጇ ለማርታ እንደምታሳያት ነገረችኝ። ማርታ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ አማርኛ ስትናገራት በእንግሊዝኛ የምትመልስ፣ እናቷ የሰው ሽንት የምታጸዳ መሆኗን ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ የምትደብቅ ልጅ ነበረች።

ድንጋዩ ሊወሰድ አንድ ቀን ሲቀረው ሊንዳ ልታየው መጣች። ንጉሡን አይታ ጥሩ ነው አለች። ንግሥቲቱን አይታ በጣም ጥሩ አለች። እጆቹ ጋ ስትደርስ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። አንዷን እጅ በጣቷ ነካችና ወደ እኔ ዞራ፣ «እንዲህ መቅረጽ ከየት ተማርክ?» አለችኝ።

እትዬ ጽጌ ሥራ ላይ ነበረች። ዌይን ወዲያ ስልክ ያወራል። እኔና ሊንዳ ብቻ ነን። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ፤ «የእኔ አይደለም» ማለት። ምን ያቅታል? ለሕፃን ልጅ እንኳ አያቅትም። እኔ ግን፣ «ከአባቴ» አልኩ።

ከአባቴ! የሞተ አባቴን ለውሸቴ ምስክር አደረግሁት።

ሊንዳ ጎንበስ ብላ ታች ያለውን ሁለት ፊደል አየች። «ይህስ ምልክት ምንድነው?»

«የመሮ ስህተት ነው፤ አስተካክለዋለሁ» አልኩ። ይኸው ነው። ሁለተኛው ውሸት የመጀመሪያውን ተከትሎ ሳልጠራው መጣ።

በማግስቱ ጠዋት ከዌይን ቀድሜ ሱቁን ከፈትኩ። ከድንጋዩ ፊት ተንበረከክሁ። እሷ የሠራችበትን ያችኑ ትንሿን መሮ አንሥቼ «ጽ»ን ፋቅሁ። ከዚያ «ጌ»ን ፋቅሁ። በብርጭቆ ወረቀት አሻሸሁት፤ አቧራውን እፍ አልኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ይህን ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው። የጠራቢ እጅ ናትና ጥፋቱንም አጥርታ ሠራችው።

የኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ዕለት እትዬ ጽጌ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ባሏንና ማርታን ይዛ መጣች። ማርታ ለክፍሏ ልጆች ሁሉ ተናግራ ነበር፤ የእናቴ ስም ሙዚየም ውስጥ በድንጋይ ተጽፏል ብላ። ሁለት ጓደኞቿም ከእናቶቻቸው ጋር መጥተዋል። ከድንጋዩ ጎን ባለው ሰሌዳ ላይ «ጠራቢ፦ አስናቀ» የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፎ ተሰቅሏል። ማርታ ግን ወደ ሰሌዳው አላየችም። በቀጥታ ሄዳ ከንግሥቲቱ እግር ሥር ተንበረከከች።

«ማሚ፣ ዌር ኢዝ ኢት?» አለች፤ የት ነው ማለቷ ነው።

እትዬ ጽጌ ጎንበስ ብላ ቦታውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። የዓይን ብቻ ሳይሆን የጣትም ሰው ናትና ትንሿን ጎድጓዳ ወዲያው አገኘቻት። ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ድንጋዩን አይደለም፣ እኔን። አጠገቤ ዌይን አለ፣ ሊንዳ አለች፣ ካሜራ የያዘ ሰው አለ። በአንድ ቃል ልታዋርደኝ ትችል ነበር። ይገባኝም ነበር። እሷ ግን ወደ ልጇ ዞራ፣ «ሌላኛው ድንጋይ ላይ ይሆናል የጻፍኩት፤ ተሳስቼ ነው» አለች።

«ሌላ ድንጋይ የለም እኮ!» አለች ማርታ በእንግሊዝኛ። ጓደኞቿ ተያዩ። ልጅቷ ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ እናቷ ብቻ እንድትሰማት፣ «ዩ ላይድ» አለች። ዋሽተሻል። እኔም ሰማሁት። ከሁለት ክንድ አልርቅም ነበር።

ካሜራው ብልጭ አለ። ዌይን ትከሻዬን አቀፈኝ። እኔ ፈገግ አልኩ።

በሳምንቱ እትዬ ጽጌ ልብሷን ልትወስድ ሱቁ መጣች፤ የምትሠራበት ሽርጥ እዚያ ቀርቶ ነበር። ስትገባ ቀድሜ መናገር ጀመርኩ።

«እትዬ ጽጌ፣ ለአንቺ አስቤ ነው። ሽማግሌዎቻችሁ ስምሽን ጣዖት ላይ ቢያዩት...»

«ለእኔ አስበህ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?»

ሽርጧን አጣጥፋ በክንዷ ያዘች። በሩ ጋ ስትደርስ፣ «ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አታናግረኝም» አለችና ወጣች። ሁለተኛ መሮ አልጨበጠችም። እኔን ግን በለቅሶም በሠርግም ስታገኘኝ ሦስቴ ትስመኛለች።

የኔ ነገር ተቃና። ጋዜጣ ላይ ወጣሁ፤ ያችን ፎቶ ያዩ ሰዎች በእጅ የተቀረጸ ድንጋይ ፈልገው መጡ። ዌይን ሲያረጅ ሱቁን ለእኔ ለቀቀልኝ። ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃ ድንጋዩ ለአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሰጠ፤ ዛሬም ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። አንዴ ጋብዘውኝ ሄጄ አይቼዋለሁ። የልጆች መዳፍ እጆቹን አወይቧቸዋል። ንጉሡን ማንም አይነካውም፤ ንግሥቲቱንም አይነኳትም። እጆቹን ብቻ። መምህሯ ለልጆቹ፣ «ይህን የሠሩት እኚህ ናቸው» ስትላቸው በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም ዝም እል ነበር፤ ባለፈው ክረምት ሞርስ ሮድ በሚባለው ጎዳና ባለ አዳራሽ፣ ሠርግ ላይ የሆነው ባይሆን ኖሮ። እትዬ ጽጌና እኔ አንድ ጠረጴዛ ደረሰን። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ማርታ መካከላችን ተቀመጠች፤ ትልቅ ሴት ሆናለች፣ እዚሁ ኮሎምበስ አጠገብ ባለችው ደብሊን ቢሮ ትሠራለች፣ እናቷን የምታኖራት እሷ ናት። ስለ ሥራዬ ስታነሣ አንድ ነገር ትዝ አላትና ሳቀች።

«ጋሼ አስናቀ፣ ዩ ኖው፣ ልጅ እያለሁ ማሚ እነዚያን እጆች እኔ ነኝ የሠራሁት ብላኝ ነበር! ለክላሴ ሁሉ ተናግሬ፣ ኦ ማይ ጋድ፣ እንዴት አፍሬ ነበር!» የእናቷን ትከሻ አቀፈች። «ኢትስ ኦኬ፣ ማሚ። ያኔ ሥራው ከብዶሽ ነው። ሰው አንዳንዴ ቆንጆ ነገር ሲያይ የኔ ነው ማለት ያምረዋል።»

ልጅቷ እናቷን ይቅር ብላታለች፤ ላልሠራችው ውሸት!

እትዬ ጽጌ ቀና ብላ አየችኝ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቃ ሁለተኛ ዕድል ሰጠችኝ። ጠረጴዛው ላይ ዌይን የለም፣ ሊንዳ የለችም፣ ካሜራ የለም። እና እኔ ምን አደረግሁ? ሳቅሁ። ከማርታ ጋር ሳቅሁ። እትዬ ጽጌ ዓይኗን ወደ ሳህኗ መለሰች።

ወጣት ነበርኩ እንዳልል ያን ቀን ስልሳ አምስት ዓመት አልፎኛል። ድንገት ሆነብኝ እንዳልል ሦስቴ አድርጌዋለሁ፤ በመሮ ፋቅኳት፣ በሰበብ ፋቅኳት፣ በሳቅ ፋቅኳት። ፈረንጅ አገር ስሜን ለማስጠራት ነው ልበል? ስም ነበረኝ እኮ! ንጉሡና ንግሥቲቱ ይበቁኝ ነበር። ስጦታዬ ያነሰ ሰው አልነበርኩም፤ ስጦታዬ ስላነሰ አይደለም የሰረቅሁት። አጠገቤ የቆመው ሰው በአንድ ነገር ከእኔ በመብለጡ ነው።

አሥራ ስምንቱ የእርሳስ ንድፎች አሉ። ሱቁ ውስጥ ትታቸው ሄዳ ነበር፤ ልጥላቸው ብዙ ጊዜ አንሥቼ፣ ሥራቸው አሳዝኖኝ መልሻቸዋለሁ። ከእያንዳንዱ ሥር የባለ እጁ ስም በእጅ ጽሑፏ አለ። የትምህርት ቤቱን ሰሌዳ ማስቀየር ቀላል ነው፤ ደብዳቤውን ጽፌ ልኬያለሁ። ማርታ ልብ ውስጥ ያለውን ግን በደብዳቤ አልፍቀውም። እሑድ ከሰዓት ንድፎቹን ይዤ ደብሊን እሄዳለሁ። እናቷ ባለችበት፣ «እናትሽ አልዋሸችሽም፤ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ» እላታለሁ። ይቅር በዪኝ አልላትም። ይቅርታ ከለመንኩ ደግሞ እኔን ለማጽናናት ትሯሯጣለች፤ እንደ እናቷ ደግ ናትና። እስከ ዛሬ ነገሩ ሁሉ ስለ እኔ ነበር፤ ይበቃል።

እትዬ ጽጌ ዳግመኛ ልትሸፍንልኝ ትሞክር ይሆናል። «ተወው አስናቀ፣ አሮጌ ነገር ነው» ትለኝ ይሆናል። አልተወውም። የአሥራ ስምንቱን ሰዎች ስም አንድ በአንድ፣ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ የፋቅሁትን አሥራ ዘጠነኛውን ስም ደግሞ በሙሉ ድምፄ።